ቆርቆሮ ቆጠራ

ፊልም ሲሞት አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም፤ ያው ሰላጣ ላይ የምናፈሰው አቼቶ ነው። ነገሩን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በአፍንጫዬ ያወቅሁት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ለምሥረታ በዓሉ መጽሔት ያዘጋጅ ነበርና፣ እዚያ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ጽሑፎቹን እንዳርምለት ጠራኝ። "መምህር፣ አሮጌ ፎቶግራፍ ቢገኝ ብዬ ግምጃ ቤት ልገባ ነው፤ አብረን ብንሄድስ?" አለኝ። ሄድን።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። ከወገባቸው የቁልፍ ዘለላ አውጥተው ሁለት ቁልፍ ከፈቱ። ከተሰባበሩ የጽሕፈት መኪናዎችና ከአሮጌ ጎማዎች ጀርባ አንድ የብረት መደርደሪያ አለ፤ ላዩ ላይ እንደ ድስት ክዳን ክብ ክብ የሆኑ ቆርቆሮዎች ተደራርበዋል።

"ይኼ ሽታ ምንድነው እትዬ?" አልኳቸው።

"እሱማ እኔ ስመጣም ነበር። መጀመሪያ ልጆቹ እዚህ ተደብቀው ሰላጣ የሚበሉ መስሎኝ ስንቴ ተቆጥቻለሁ!"

"ስንት ናቸው?"

"63። በየዓመቱ ሰኔ 30 ይቆጠራሉ። አንድም ጎድሎ አያውቅም።"

ቢን ካርዱን አሳዩኝ። "የፊልም ቆርቆሮ፣ ክብ። ብዛት 63።" ይኸው ነው። በውስጡ ምን እንዳለ፣ ማን እንደቀረጸው፣ መቼ እንደቀረጸው የሚጠይቅ ዓምድ ካርዱ ላይ የለም። በእሳቸው ፈቃድ አንዱን ከፈትነው። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጥብጣቡ እንደ ቋንጣ ተኮማትሯል፤ በጠርዙ ላይ ነጭ ነጭ ብናኝ ወጥቶበታል። ቆርቆሮው ላይ በተለጠፈው ወረቀት "ጥምቀት፣ ጎንደር" የሚል ይነበባል። ዓመተ ምሕረቱን እርጥበት በልቶታል። ምናልባት በዚያ ጥምቀት የጨፈሩ ልጃገረዶች ዛሬ ቅድመ አያቶች ናቸው። ጭፈራቸው ግን ከእንግዲህ በምንም ማሽን አይዞርም።

ቆጠራው ግን ልክ ነው። 63 ገቢ፣ 63 በእጅ ያለ።

ማንም በእኒህ ሴት ላይ ጣቱን እንዳይቀስር አደራ እላለሁ። ሁለት ጊዜ ያህል አለቆች "ይኼ ቆሻሻ ይውጣና ቦታው ይለቀቅ" ብለው አዘዋቸው ነበር። እሳቸው "ሞዴል 19 የተቆረጠበትን ዕቃ ያለ ሞዴል 22 አላወጣም፤ ማን ይፈርምልኛል?" ብለው እንቢ አሉ። እኛ የተማርነው ሰዎች ቢሮክራሲ እያልን የምንዘብትበት ወረቀት ነው እነዚያን ቆርቆሮዎች ከእሳት ያዳናቸው። ወረቀቱ ማድረግ የሚችለውን አድርጓል። ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ሥራ አይደለም።

ነገሩን ትንሽ ላብራራው። የሲኒማ ፊልም ሦስት ነገር የተደራረበበት ጥብጣብ ነው። ከታች ፕላስቲኩ፣ ከላዩ ጄላቲን፣ በጄላቲኑ ውስጥ ደግሞ ምስሉን የሚፈጥረው ብር ወይም ቀለም አለ። ጣጣው ፕላስቲኩ ላይ ነው። መጀመሪያ ይሠራበት የነበረው ናይትሬት የሚባለው ዓይነት የጥይት ባሩድ የቅርብ ዘመድ ነው። አንዴ ከተያያዘ የሚያነደውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ ውኃ ውስጥ ቢነክሩትም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1937 አሜሪካ ውስጥ ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን የፎክስ ኩባንያ የፊልም መጋዘን ነድዶ ድምፅ አልባ ፊልሞቹን አብዛኞቹን ይዞ ሄደ። በ1951 ገደማ ናይትሬት መመረቱ ቀረና ዓለም "ሴፍቲ" ወደተባለው፣ ከአሴቴት ወደተሠራው ፊልም ተዛወረ።

አሴቴት እንደ ናይትሬት አይነድም፤ ይኮመጥጣል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ እሱ ነው አቼቶው። የወጣው አሲድ ደግሞ ተመልሶ መበስበሱን ያፋጥነዋል። ልክ እንደ አራጣ ነው፤ ወለዱ ዋናውን ይበላል። ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ጄላቲኑ ከላዩ እየተላቀቀ ይነሳል። ከዚህ የባሰው ነገር ደግሞ ሽታው ጎረቤት መበከሉ ነው፤ አንድ የታመመ ቆርቆሮ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካለ ጤነኞቹንም ያፋጥናቸዋል። ባለሙያዎቹ ያወጡት ስሌት አለ። 21 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል የተቀመጠ አዲስ አሴቴት ፊልም መኮምጠጥ የሚጀምረው ወደ 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ሙቀቱ በአምስት ወይም በስድስት ዲግሪ ዝቅ ባለ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ያህል ይሆናል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በጋ ሲጠብስ ክረምት ሲያረጥብ የኖረውንማ ራሳችሁ አስሉት። በ1960ዎቹ የተቀረጸ ፊልም ቀጠሮው ካለፈ ቆይቷል።

ቀለሙም የራሱ ሞት አለው። በልጅነቴ በሰፈራችን ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም ስናይ ሰማዩም፣ ሳሩም፣ የሙሽራዋ ፊትም ቀይ ዳማ ነበር። የህንድ አገር አፈር እንደዚያ የሚያደርገው ይመስለን ነበር። ለካ ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀድመው የሚደበዝዙ ቀለሞች ኖረው፣ ቀዩ ብቻውን ቀርቶ ነው።

እንግዲህ ወደ ቁልፉ ልመለስ። እኛ አገር "አስቀምጥልኝ" ማለት "ቆልፍልኝ" ማለት ነው። ለእናቶቻችን ሳጥን፣ ለመሥሪያ ቤቶቻችን ግምጃ ቤት፣ ለሁለቱም ቁልፍ። ቁልፍ የሚጠብቀው ከሌባ ነው። ፊልምን የሚበላው ግን እንደ ነቀዝ ከራሱ ከእህሉ ውስጥ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ቁልፉ በጠበቀ ቁጥር፣ በሩ ሳይከፈት በቆየ ቁጥር፣ አየሩ በታፈነ ቁጥር፣ ጠባቂው ሳያውቀው የአጥፊው ረዳት ይሆናል። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። በቅን ልቡና የተቆለፈባቸው ነገሮች በክፋት ከተቃጠሉት እንዳይበልጡ እሰጋለሁ።

"ታዲያ ብራናውስ? ብራና ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ስንት መቶ ዓመት ኖረ!" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ከአድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርበን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ብራና የኖረው ስለተቆለፈበት ነው እንዴ? መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ፣ ከአይጥና ከወለል እርጥበት ርቆ ከግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል፤ ቀኑ ሲደርስ ይወርዳል፣ ይገለጣል፣ ይነበባል። የሚያነበው ካህን ቅጠሉ ሲቀደድ ያየዋል፤ ይሰፋል። ጽሑፉ ሲደበዝዝ ቁም ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ሌላ ይገለብጣል። ይህ ሁሉ ባልተደረገበት ቦታ ብራናም አልቋል፤ ያለቀው ስለማይታይ ነው ሁሉም የኖረ የሚመስለን። ደግሞ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ፊልሙ ላይ ምስሉን አቅፎ የያዘው ጄላቲን የሚፈላው ከከብት ቆዳና ከአጥንት ነው። ሲኒማም ቢሆን ከቆዳ አላመለጠም።

የብራናና የፊልም ዕጣ አንድ ጊዜ ተገናኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እንዲነሱ የተጀመረው ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በፊልም ላይ አሰፈረ። ቅጂዎቹ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኝ ገዳም ገቡ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን በብዙ ቅጽ አዘጋጁልን። ከዚያ ወዲህ ከመጻሕፍቱ ስንቱ በጦርነት፣ በሌብነትና በእሳት እንዳለቀ እግዜር ይወቅ። ለእነዚህ የቀረልን ፊልሙ ነው፤ የፊልሙ ዕድሜ ደግሞ የሚወሰነው በሚቀመጥበት ክፍል ቅዝቃዜ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህ ልዩነት ይከነክነኝ ነበር። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታተመ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ተማሪዬ እጅ ላይ አለ፣ እያነበበ ይከራከረኛል። በ1957 ዓ.ም. ለወጣው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም ለሚባለው "ሂሩት አባቷ ማን ነው?" ግን ያለኝ ርዕሱና የሰው ወሬ ነው። በርዕስ ብቻ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው "ጉማ" ስሙ ለትልቅ የፊልም ሽልማት ተሰጥቶ በየዓመቱ በጭብጨባ ይጠራል። አዳራሹን ከሞላው ወጣት ስንቱ ፊልሙን አይቶታል? መጽሐፍ በሺህ ይታተማል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው በአንዲት አሮጊት ቤት ትራስ ሥር ይገኛል። ፊልም ኔጌቲቩ አንድ ነው። ቅጂዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቅጂ ደግሞ በታየ ቁጥር ይቦጨራል።

የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ አሜሪካኖች በድምፅ አልባው ዘመን ከሠሯቸው 10,919 ረጃጅም ፊልሞች መጀመሪያ በወጡበት መልክ የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ሆሊውድን የሚያህል ሀብት ይዘው! ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አሮጌው ምን ይሠራል ተባለ፤ ተጣለ፣ ለብሩ ሲባል ቀለጠ። ፈረንሳዊው ሜሊየስ፣ ሰውን ወደ ጨረቃ የላከው ያ የሲኒማ አስማተኛ፣ በ1923 ተስፋ ቆርጦ ኔጌቲቮቹን በገዛ እጁ አቃጠለ። በሌላ በኩል ደግሞ በ1978 በካናዳ ዳውሰን ሲቲ ቁፋሮ ሲካሄድ፣ በ1929 ለአሮጌ መዋኛ ገንዳ መሙያ ተብለው ከአፈር ጋር የተቀበሩ 533 የፊልም ጥቅልሎች ተገኙ። ቆሻሻ ተብለው ነበር የተጣሉት። ያዳናቸው በረዶ ነው፤ ማንም አልቆለፈባቸውም። ዛሬ አሜሪካኖች ፊልሞቻቸውን ቨርጂኒያ ውስጥ ኩልፔፐር በሚባል ስፍራ ያስቀምጣሉ። ቦታው ቀድሞ የኑክሌር ጦርነት ቢነሳ ተብሎ የወረቀት ገንዘብ የተከማቸበት የመሬት ውስጥ ምሽግ ነበር። ለናይትሬት ብቻ 124 የተለያዩ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ቢነድ ሌላው እንዲተርፍ። ብራዚል ደግሞ በ2020 ነሐሴ መንግሥት የብሔራዊውን የፊልም ማኅደር ቁልፍ ተረከበና ባለሙያዎቹ ተሰናበቱ። ቁልፉ በእጅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ 29 ቀን ሳኦ ፓውሎ ያለው መጋዘን ተቃጠለ።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሮማው ነገር ነው። የፋሺስቱ የፊልም ተቋም ሉቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ለኢትዮጵያው ወረራ ብቻ የሚሠራ ክፍል አቋቁሞ ካሜራ ከመድፍ ጋር ላከ። ያ ሁሉ ፊልም ተጠብቆ አለ። እንዲያውም በ2013 ዩኔስኮ የሉቼን የዜና ፊልሞችና ፎቶግራፎች በዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ አሰፈራቸው። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር በቴሌቪዥን የምናያት ያቺ አዲስ አበባ፣ ያ ሕዝብ፣ ያ የፈረሰ ሱቅ፣ አብዛኛው በወራሪው ዓይን የታየ ነው። ድልድይ ሲሠራ ታያላችሁ፤ ባላባት ሲሰግድ ታያላችሁ። የመርዝ ጋዙን አታዩትም፤ ካሜራው ያንን እንዲያይ አልተፈቀደለትም። እኛ ራሳችን ያነሳነው ሲኮመጥጥ የሚቀርልን ይኸው ነው፤ ጠላት አንስቶ ጠላት ያስቀመጠው፣ ንጹሕና ግልጽ ምስል። የልጅ ልጆቻችን አያቶቻቸውን ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያገኙት ሲሰግዱ ይሆናል።

ቀልዱ ደግሞ ከእኛ ታላላቅ ፊልሞች አንዱን ያዳነውም የጣሊያን ከተማ መሆኑ ነው። ኃይሌ ገሪማ አብዮቱ በሚፈነዳበት ሰሞን በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር የቀረጸው "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" እ.ኤ.አ. በ2006 ቦሎኛ ላይ ታድሶ እንደገና ለዓይን በቃ። ቦሎኛ ያሉት ሰዎች አዋቂዎች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ልብ በሉ፤ ሊታደስ የቻለው የሚታደስ ነገር ስለተገኘ ነው። አምስት ላቦራቶሪ ቢኖር የተኮማተረ ቋንጣ መልሶ ሥጋ አያደርግም።

"አሁን እኮ ዲጂታል አለ፤ ስካን አድርገን አሮጌውን እንጣለው" ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ አንዱ የተማረ ወዳጄ ነው። እንዲህ ብዬ መለስኩለት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ፊልም አስታውስ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1973 ጥቅምት ለአገሩ ሕዝብ ያሳየው ፊልም ነው። እኛ አገር የታየው ግን ሌላ ቅጂ ነው፤ በመቀስ ተቆርጦ፣ የሚሞተው ሕፃንና የቤተ መንግሥቱ ድግስ እየተፈራረቁ እንዲመጡ ተደርጎ የተቀጠለ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የቀጠሉት ሰዎች ሐሰት ጨመሩ አልልም፤ ረሃቡም እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። ማጣበቂያው ግን የእነሱ ነው። ዛሬ የታሪክ ሰው ያንን ሌሊት ሊመረምር ቢነሳ የቱ ላይ እንደተቆረጠ የሚነግረው ያልተቆረጠው ነው። ዲጂታሉ ቅጂ ለማየት፣ ለማሳየት፣ ለመማር እሰየው ነው፤ ይደረግ፣ ዛሬ ይደረግ። ግን የኮምፒዩተሩ ሳጥን በየጥቂት ዓመቱ ይበላሻል፣ ቅጂው ወደ አዲስ መዛወር አለበት፤ አንድ ትውልድ ከዘነጋው አለቀ። በደህና ቀዝቃዛ ክፍል የገባ ፊልም ግን የአንድ ትውልድ ዝንጋታ ይችላል። ለእኛ ለዘንጊዎቹ የትኛው እንደሚበጅ እናንተው ፍረዱ።

ገንዘብ የለም የሚለውንም እሰማለሁ። ኩልፔፐርን የመሰለ ምሽግ ይሠራ ያለ የለም። ደጋው ራሱ ግማሽ ሥራውን ሠርቶልናል፤ አዲስ አበባ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የወጣ ክፍል፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ እርጥበቱ ከ50 በመቶ እንዳያልፍ የሚጠበቅ፣ አየር የሚንቀሳቀስበት፣ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነገር ነው። አሲድ ሲነካት ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ የምትለወጥ ቁራጭ ወረቀት አለች፤ ቆርቆሮው ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ገጥሞ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። ቢጫ የሆነውን ለይቶ ቀድሞ መቅዳት፣ ሰማያዊውን ማቆየት። ቢን ካርዱም ቢሆን አንድ ዓምድ ይጨመርበት። ሰኔ 30 ሲመጣ ከብዛቱ ጎን የወረቀቷ ቀለም ይጻፍ።

እናንተም ቤታችሁ ይኖራል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከውጭ ትምህርት የተመለሱ ሰዎች ትንሿን የ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ ይዘው መጥተው ሠርግ፣ ክርስትና፣ የላንጋኖ ሽርሽር ቀርጸዋል። ሳጥኑ ከአልጋ ሥር አለ፤ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ተሰድዶ ዋሽንግተን አንድ ምድር ቤት ውስጥ ቦይለር አጠገብ ተቀምጧል። ይህ ፊልም ናይትሬት አይደለምና በእሳት አትስጉ። ክዳኑን ክፈቱና አሽትቱት። ምንም ካልሸተተ ከምድር ቤቱም ከጣሪያ ሥርም አውጥታችሁ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ቦታ አድርጉት። አቼቶ አቼቶ ካለ ከሌሎቹ ለዩት፤ የሚቀዳላችሁ ባለሙያ እስክታገኙ ድረስ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ስታወጡት በረዶው ሳይለቅ፣ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር ሳይስተካከል ፕላስቲኩን አትፍቱ። ከሥጋው ጋር እንዳይምታታ ላዩ ላይ ጻፉበት፤ የማን ሠርግ እንደሆነ፣ የት እንደሆነና ዓመተ ምሕረቱን፣ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት እያለ።